የጤና ተቋም ኢሜይል የት ይቀመጥ? ባክአፑስ? የአራት አማራጮች ንጽጽር

አንድ ሆስፒታል፣ ዞን ጤና መምሪያ ወይም የክልል ጤና ቢሮ የሥራ ኢሜይሉን በአራት መንገድ ሊይዝ ይችላል። የራሱን ሰርቨር ግቢው ውስጥ መትከል፣ እንደ ጉግል ዎርክስፔስና ማይክሮሶፍት 365 ያለ የውጭ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚሰጥ የሌላ ኩባንያ ሰርቨር) መከራየት፣ አገር ውስጥ ባለ ዳታ ሴንተር ማስተናገድ፣ ወይም ሁሉም በግል ጂሜይሉ እንዲሠራ መተው። የመጨረሻው ማንም የወሰነው አይመስልም፤ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ግን በእሱ ነው።

አራቱንም የምንመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። ኢሜይሉ ሲቆም በስንት ሰዓትና በማን እጅ ይመለሳል? ኢሜይሉን የጣለው ነገር ባክአፑንም (መጠባበቂያ ቅጂውንም) አብሮ ይጥለዋል ወይ? ሰርቨሩና ባክአፑ በአንድ መብራት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ፓስወርድ ወይም በአንድ ኩባንያ ሥር ከሆኑ ሁለት ቅጂ ያለ ይመስላል እንጂ ያለው አንድ ነው።

መጀመሪያ ኢሜይሉ ምን እንደሚሸከም ይለዩ

የወረርሽኝ ማንቂያ በኢሜይል ላይ መመሥረት የለበትም። ኮሌራ፣ ኩፍኝ ወይም የፖሊዮ ጥርጣሬ ያየ ጤና ጣቢያ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በ30 ደቂቃ ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ ይህ የስልክ ሥራ ነው። መደበኛው የአገልግሎት ሪፖርት ደግሞ በዲኤችአይኤስ 2 (በጤና መረጃ ሪፖርት ሥርዓቱ) ይሄዳል። ለኢሜይል የሚቀረው ቢሆንም ቀላል አይደለም፦ የታማሚዎች ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ያለበት የኤክሴል ዝርዝር፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒትና የክትባት ጥያቄ፣ ስካን የተደረገ ደብዳቤ፣ የጨረታ ሰነድ።

ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቁጥር ይጻፉ፤ ያለ ኢሜይል ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚችልና የስንት ሰዓት መልእክት ቢጠፋበት እንደሚችለው። ለድንገተኛ ጤና አደጋዎች፣ ለላቦራቶሪና ለመድኃኒት አቅርቦት 4 ሰዓትና 1 ሰዓት፣ ለሰው ኃይልና ለፋይናንስ 1 ቀንና 1 ቀን ብሎ መነሣት ይቻላል። እነዚህ ቁጥሮች ካልተጻፉ ሻጩ የሚያቀርበው ሁሉ ጥሩ ይመስላል።

የግል ጂሜይል

እውነቱን ለመናገር፣ ሳይቋረጥ በመሥራት በኩል ግቢ ውስጥ የሚተከል ሰርቨር አይስተካከለውም። ችግሩ ሌላ ነው፤ አካውንቱ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። ባለሙያው ሲዛወር ወይም ሲለቅ የሦስት ዓመት ደብዳቤ አብሮት ይሄዳል። ፓስወርዱን አስረክቦ ቢሄድ እንኳ የማረጋገጫው ኮድ የሚመጣው በእሱ ስልክ ላይ ነው። 15 ጊጋባይቱ ከድራይቭና ከፎቶ ጋር የሚጋራ ስለሆነ፣ የቤተሰብ ቪዲዮ ሲሞላው የላቦራቶሪ ውጤት መግባት ያቆማል። ጉግል ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ለ2 ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንትን መሰረዝ ጀምሯል። ሥራውን ከተወው ሠራተኛ ጋር የቀረው ማኅደር መጨረሻው ይኸው ሊሆን ይችላል።

ወደ ሌላ አማራጭ እስኪሻገሩ ድረስ አደጋውን በሦስት ነገር መቀነስ ይቻላል። አካውንቱን በሰው ስም ሳይሆን በሥራ ክፍል ስም ይክፈቱና የማስመለሻ ስልኩን የመሥሪያ ቤቱ ሲም ያድርጉት። ጉግል የሚሰጣቸውን አሥር የአንድ ጊዜ መጠባበቂያ ኮዶች አትመው፣ በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ካዝና ያስቀምጡ። በወር አንድ ቀን በጉግል ቴክአውት (በጉግል የመረጃ ማውረጃ አገልግሎት) ሙሉውን ደብዳቤ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ያውርዱ። የማውረጃው ሊንክ ከሳምንት ገደማ በኋላ ስለሚያልፍበት ተጠይቆ የሚረሳ ከሆነ ከንቱ ነው። የታማሚ ስም ያለበት ዝርዝር ግን በዚህ መንገድ ፈጽሞ መሄድ የለበትም።

በግቢ ውስጥ የራስ ሰርቨር

ይህን የሚመርጡ ሰዎች ትልቁ ምክንያታቸው ልክ ነው። የኢንተርኔቱ በር ሲዘጋ በግቢው ኔትወርክ ላይ ያለ ኢሜይል መሥራቱን ይቀጥላል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ሁሉ አብሮ ተዘግቷል። የራስ ሰርቨር ግን በዚያ ጊዜ የሚጠቅመው አስቀድሞ ከተዘጋጀ ብቻ ነው። የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ውጭ አገር ከሆነ፣ ሰርቨሩ አጠገባቸው እያለ ኮምፒውተሮቹ አያገኙትም። ስለዚህ በግቢው ውስጥ የሚሠራ ዲኤንኤስ ያስፈልጋል። ለ90 ቀን የሚያገለግለው ነጻ የደኅንነት ሰርተፊኬትም በራሱ የሚታደሰው ኢንተርኔት ሲኖር ነው፤ በመዘጋቱ መካከል ጊዜው ካለፈ የሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ማስጠንቀቂያ ያሳያል፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይገናኝም። ከዚህ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያገለግል የተገዛ ሰርተፊኬት ከተገኘ እዚህ ላይ የወጣበትን ዋጋ ይመልሳል።

መብራት ላይ የሚደረገው ስሌት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሰርቨር 200 ዋት፣ ስዊችና ራውተር 50፣ የባክአፕ ማከማቻ 50፣ በድምሩ 300 ዋት ይሁን። 1500 ቪኤ የሚባለው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለአጭር ጊዜ የሚተካ ባትሪ ያለው መሣሪያ) ይህን የሚይዘው 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ አገልግሎቱ ሰርቨሩን በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ለመሥራት አይደለም። ሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪ 4,800 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው ዕድሜ እንዲኖረው ግማሹን ብቻ ይጠቀሙ፣ የኢንቨርተሩን ብክነትም ይቀንሱ፣ ወደ 2,000 ይቀራል። ይህ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ጄኔሬተር ካለ ደግሞ አንድ ነገር በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ኦፕሬሽን ክፍሉና ላቦራቶሪው በጄኔሬተር መስመር ላይ ሆነው ሰርቨር ክፍሉ ተራ መስመር ላይ መገኘቱ የተለመደ ስህተት ነው። ኤሲውም በዚያው መስመር ላይ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሰርቨሩ በመብራት ሳይሆን በሙቀት ይጠፋል።

ሰርቨሩ ሲጠፋ ከውጭ የሚላኩ መልእክቶች ወዲያው አይጠፉም። የላኪው ሰርቨር ወረፋ አስይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ የተባለው የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር መነሻ ቅንብሩ ሳይነካ ከተተወ እስከ 5 ቀን፣ የማይክሮሶፍቱ ኤክስቼንጅ ግን 2 ቀን ብቻ። ዓርብ ማታ የወደቀ ሰርቨር ሰኞ ጠዋት ሲነሣ የተወሰነው ደብዳቤ ደርሶ የተወሰነው ለላኪው የተመለሰው ለዚህ ነው። በሌላ ቦታ ያለ ሁለተኛ ተቀባይ ሰርቨር በዲኤንኤስ የኤምኤክስ መዝገብ (ደብዳቤ ተቀባዩ ሰርቨር የትኛው እንደሆነ በሚናገረው) ላይ ማስመዝገብ ይህን ክፍተት ይሞላል። ሁለተኛው ሰርቨር ግን የሌለ አድራሻን የማይቀበልና አይፈለጌ መልእክት የሚያጣራ መሆን አለበት። አጭበርባሪዎች ልል የሆነውን በር ፈልገው በእሱ በኩል ይገባሉ።

ከሁሉም በላይ የራስ ሰርቨርን የሚጥለው የሰው እጥረት ነው። ማይክሮሶፍት መጋቢት 2 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ለኤክስቼንጅ አስቸኳይ ማስተካከያ ሲያወጣ፣ በቀናት ውስጥ ያልጫኑ ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ በብዛት በሰርጎ ገቦች ተሰብረዋል። ኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 ከጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በኋላ መደበኛ ድጋፍ የላቸውም፤ አሁን በእነዚህ ላይ አዲስ ሥራ መጀመር አይገባም። ዚምብራ የተባለውን የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር በነጻ ለሚጠቀሙም 8.8.15 የተባለው እትም በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዕድሜው አብቅቷል። አንድ ባለሙያ ብቻ የሚያውቀው ሰርቨር እሱ ለዓመት ዕረፍት በሄደ ሳምንት መውደቁን ማሰብ ይገባል። ቢያንስ ሁለት ሰው ሙሉ ሥራውን ማወቅ አለበት፤ ሁለት ሰው ከሌለ ይህን አማራጭ አንመክርም።

ሌላው የአይፒ አድራሻው (ሰርቨሩ በኢንተርኔት የሚታወቅበት ቁጥር) ስም መጥፋት ነው። አንድ ሠራተኛ ፓስወርዱ ተሰርቆ በሌሊት 20,000 አይፈለጌ መልእክት ቢላክበት፣ የሆስፒታሉ አድራሻ ጥቁር መዝገብ ይገባና ለሚኒስቴሩ የተላከው ደብዳቤ ሁሉ ወደ ስፓም ይወድቃል። ስለዚህ አንድ አካውንት በሰዓት ሊልክ የሚችለውን ገደብ ያብጁ፤ 200 ተቀባይ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ደብዳቤው በእርግጥ ከመሥሪያ ቤትዎ መላኩን ለተቀባዩ የሚያረጋግጡትን፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉትን ሦስት መዝገቦች በዲኤንኤስ ያስገቡ፤ ጂሜይል ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማንኛውም ላኪ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ይጠይቃል። የአይፒ አድራሻው ወደ ሰርቨሩ ስም የሚመልስ የተገላቢጦሽ መዝገብ እንዲኖረውም ከኢንተርኔት አቅራቢው በደብዳቤ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የውጭ ክላውድ

99.9 ከመቶ የሚለው ዋስትና በወር 43 ደቂቃ መቋረጥን ይፈቅዳል። ከግቢ ሰርቨር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥሩ ነው፤ ግን የሚለካው የእነሱን በር እንጂ ከእርስዎ እስከ እነሱ ያለውን መንገድ አይደለም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለተኛ መስመር ከሌላ ኩባንያ ማግኘት በሚቻልባቸው ከተሞች፣ ዋናውን ፋይበር ከአንዱ፣ ባለ ሲም ራውተር ከሌላው ይያዙ። ሁለቱንም ከአንድ ኩባንያ መግዛት ሁለት መስመር አያሰኝም።

«ክላውድ ላይ ስላለ ባክአፕ አያስፈልገውም» የሚለው አስተያየት ብዙ ተቋም ጎድቷል። ጉግል ላይ የተሰረዘ መልእክት በቆሻሻ መጣያው 30 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ አስተዳዳሪው ለ25 ቀን ሊመልሰው ይችላል፤ ከዚያ የለም። ማይክሮሶፍት ላይ ከመጣያው የወጣ መልእክት ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ለ14 ቀን ብቻ ይመለሳል፤ ወደ 30 ከፍ ማድረግ ይቻላልና ዛሬውኑ ያድርጉት። ሙሉ አካውንት ሲሰረዝ ጉግል 20፣ ማይክሮሶፍት 30 ቀን ይሰጣል። ኦዲተር የሚጠይቀው ግን ያለፈውን በጀት ዓመት ነው። አቅራቢው ራሱም ይወድቃል፤ ራክስፔስ የተባለው አስተናጋጅ ኩባንያ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. በራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ አጥፊ ሶፍትዌር) ተመትቶ ያስተናግድ የነበረውን የኤክስቼንጅ አገልግሎት ዘግቷል፤ ደንበኞቹ ወደ ሌላ አገልግሎት ሲሻገሩ የድሮ ደብዳቤያቸውን ወዲያው አላገኙም።

በእኛ አገር የክላውድ ትልቁ አደጋ ግን ቴክኒካዊ አይደለም፤ ክፍያ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ገንዘቡ ተለቆ ግዥ እስኪንቀሳቀስ ሳምንታት ይሄዳሉ። የእድሳቱ ቀን ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ከዋለ፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ተጨምሮበት አካውንቱ ሊታገድ ይችላል። ውሉን ሲያስሩ የእድሳቱን ቀን ወደ ጥር ወይም የካቲት ያውሉት፣ ክፍያውም በብር በአገር ውስጥ ወኪል በኩል ይሁን። በነጻ የሚሰጠውን የጉግል በጎ አድራጎት ፕሮግራም ታሳቢ አድርገው ዕቅድ የሚያወጡም አሉ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ሆስፒታል በእሱ አይካተቱም።

አገር ውስጥ ማስተናገድ

ይህ መካከለኛው መንገድ ነው። መብራቱና ማቀዝቀዣው የዳታ ሴንተሩ ጉዳይ ይሆናል፣ ክፍያው በብር ነው፣ የታማሚ መረጃም ከአገር አይወጣም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ስለሚመድብ የመጨረሻው ነጥብ ክብደት አለው።

ዋጋው የሚታወቀው በውሉ ላይ በሚጻፈው ነው። «ባክአፕ ይኖራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ቅጂው ከሰርቨሩ በተለየ ሕንፃ መቀመጡን፣ የስንት ቀን ቅጂ እንደሚያዝ፣ አንድ የመልእክት ሳጥን ለመመለስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ውሉ ሲያልቅ መረጃውን በምን መልክ እንደሚያስረክቡ ያስጽፉ። መጋቢት 10 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው አስተናጋጅ ኩባንያ ዳታ ሴንተር ሲቃጠል፣ ባክአፓቸው በዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። ዶሜይኑም (በኢሜይል አድራሻው ከ@ በኋላ ያለው ስም) በአቅራቢው ስም ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ስም መመዝገብ አለበት። ዶሜይኑ በእጅዎ ከሆነ ኢሜይሉን በአንድ ቀን ወደ ሌላ ቦታ ማዞር ይችላሉ፤ በሌላ እጅ ከሆነ እስረኛ ነዎት።

የትኛው ለማን?

ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና ጤና ጣቢያ የራሳቸውን ነገር ማቋቋም የለባቸውም፤ በክልሉ ዶሜይን ሥር በሥራ ክፍል ስም አካውንት ይውሰዱ። ከ300 በታች አካውንትና አንድ ወይም ሁለት የአይሲቲ ባለሙያ ያለው ሆስፒታል ክላውድን ወይም አገር ውስጥ ማስተናገድን ይምረጥ፤ በግቢው ውስጥ የራሱን ቅጂ ይያዝ። ሦስትና ከዚያ በላይ ባለሙያ፣ አስተማማኝ መብራትና ከጤና ጣቢያዎች ጋር የግል ኔትወርክ ያለው የክልል ቢሮ የራሱን ሰርቨር ማስተዳደር ይችላል፤ ባክአፑን ግን በሌላ ከተማ ያኑር።

ባክአፑ ራሱ

በቁጥር እንየው። 200 አካውንት በአማካይ 5 ጊጋባይት ቢይዝ 1 ቴራባይት ነው። በ10 ሜጋቢት መስመር 1 ቴራባይት ለማስተላለፍ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። በየቀኑ የሚጨመረው ግን በሰው 20 ሜጋባይት ቢሆን 4 ጊጋባይት ነው፣ ይህ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በሃርድ ዲስክ በመኪና ይሂድ፣ የቀኑ ጭማሪ በሌሊት በመስመሩ ይተላለፍ፤ አደጋ ሲደርስም ሙሉው መረጃ የሚመለሰው በመኪና እንጂ በመስመር አይደለም። የመመለሻ ሰዓትዎን በዚህ ያስሉ።

ከማከማቻ ዓይነቶች ኔትወርክ ላይ የተሰካው የዲስክ ማከማቻ (ናስ) ለዕለት ስህተት ምርጥ ነው፤ ሰው የሰረዘውን ደብዳቤ በደቂቃ ይመልሳል። ለራንሰምዌር ግን ያው ኔትወርኩ ላይ ያለ ሰለባ ነው። ከኔትወርክ የሚነቀል ሃርድ ዲስክ ርካሽና ጠንካራ መከላከያ ነው፤ ሦስት ይግዙ፣ አንዱ ሲሰካ አንዱ በካዝና፣ አንዱ በሌላ ቅርንጫፍ ይሁን፤ በየሳምንቱ ይቀያየሩ፣ ሁሉም በፓስወርድ ይመሥጠሩ። ቴፕ ማንበቢያው ውድ ስለሆነ ከክልል ቢሮ በታች አያዋጣም። ዋጋውን ግን ማቃለል አይገባም፦ በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. በሶፍትዌር ስህተት ጥቂት የጂሜይል ተጠቃሚዎች ደብዳቤያቸው ከብዙ ዳታ ሴንተር በአንድ ጊዜ ሲጠፋ፣ ጉግል የመለሰው ከቴፕ ነበር።

ከኔትወርክ የተነቀለ ቅጂ ለምን እንደሚያስፈልግ የአየርላንድ የሕዝብ ጤና አገልግሎት አሳይቷል። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. አንድ ሠራተኛ ከአታላይ ኢሜይል ጋር የመጣ የኤክሴል ፋይል ከፈተ፤ ግንቦት 14 ቀን ኮንቲ የተባለው ራንሰምዌር መላ አገሪቱ ላይ ሲነሣ ተቋሙ ሲስተሞቹን ሁሉ አጠፋ። ኢሜይል አልነበረም፤ ሥራው ወደ ወረቀትና ስልክ ዞረ። መፍቻ ቁልፉን አጥቂዎቹ ከቀናት በኋላ ያለ ክፍያ ሰጡ፤ ቁልፉ እያለም ሰርቨሮቹን ሁሉ ለመመለስ እስከ መስከረም ፈጅቷል። በኋላ የተደረገው የውጭ ግምገማ ከኔትወርክ ውጭ ያለው የቴፕ ባክአፕ በየጊዜው ብቻ ይደረግ እንደነበር አስፍሯል፤ ቁልፉ ባይገኝ ምን ያህል መረጃ ለዘለቄታው ይጠፋ እንደነበር ግልጽ አልነበረም።

በሶፍትዌር በኩል ሦስት ወጥመዶች ደጋግመው ይታያሉ። ኤምቢሲንክ የመሰለ አመሳሳይ መሣሪያ መሰረዝንም እንዲያስተላልፍ ከተዋቀረ፣ ሰርቨሩ ላይ የጠፋው ባክአፑ ላይም ይጠፋል፤ መሰረዝን እንዳያስተላልፍ ያዋቅሩት። በአይማፕ (ደብዳቤን ከሰርቨር ለማንበብ በሚያገለግለው ስልት) የሚቀዳ ባክአፕ ደብዳቤውን እንጂ የቀጠሮ ካላንደሩንና የአድራሻ መዝገቡን አይይዝም። ዚምብራ ደግሞ መልእክቶቹን በፋይል፣ ማውጫውን በዳታቤዝ፣ ተጠቃሚዎችን በሌላ ማውጫ ያስቀምጣል፤ እየሠራ ሳለ ፎልደሩን ብቻ መቅዳት እርስ በርሱ የማይስማማ ቅጂ ይሰጣል፣ ሲመለስም አይነሣም። ወይ አገልግሎቱን አቁመው ይቅዱ፣ ወይ የዲስኩን ስናፕሾት (የአንድ ቅጽበት ሙሉ ምስል) አንሥተው ከእሱ ይቅዱ።

በየሦስት ወሩ አንድ ግማሽ ቀን ለሙከራ ይመድቡ። ሰርቨሩን በየቀኑ የማይነካው ሁለተኛው ባለሙያ፣ በተጻፈው መመሪያ ብቻ፣ አንድ የመልእክት ሳጥን ከተነቀለው ዲስክ ወደ ባዶ ኮምፒውተር ይመልስ። ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ ከ50 በላይ መልእክቶችን አባሪያቸውን ጭምር ከፍተው ይዩ፤ በግዕዝ ፊደል የተሰየሙ ፎልደሮችና ፋይሎች ስማቸው ወደ ጥያቄ ምልክት አለመቀየሩን ያረጋግጡ። የዲስኩ መፍቻ ፓስወርድ የተቀመጠው ኢሜይል ውስጥ ከሆነ የሚታወቀው በዚህ ቀን ነው፤ በአደጋው ቀን ከሚታወቅ ይሻላል።

ሁሉም ሲቆም

የወል የኢሜይል ዝርዝሮችን ማን ሊጽፍባቸው እንደሚችል ይገድቡ። በኅዳር 14 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት አንድ የሙከራ መልእክት በስህተት ከ800,000 በላይ አካውንት ወዳለበት ዝርዝር ሄዶ፣ ሰዎች «ለሁሉም መልስ» እያሉ ሲመልሱበት ሥርዓቱ ለሰዓታት ተጨናንቋል። አጥቂ አልነበረበትም።

ኢሜይል ሲቆም ሰው ሁሉ ወደ ቴሌግራም ይሮጣል። ይህን መከልከል ብቻ አይሠራም፤ ምትክ ያዘጋጁ። በሌላ አቅራቢና በሌላ ዶሜይን አሥር ያህል የአደጋ ጊዜ አካውንት ይክፈቱ፤ ለድንገተኛ ጤና አደጋዎች፣ ለላቦራቶሪ፣ ለመድኃኒት አቅርቦትና ለኃላፊው ይስጡ፤ በወር አንዴ ይሞክሯቸው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰ ማን «ወደ ምትኩ ዙሩ» ብሎ እንደሚያዝ በስም ይጻፍ። የታማሚ ዝርዝር በምትኩ ሲላክ ፋይሉ በፓስወርድ ይቆለፍ፣ ፓስወርዱም በስልክ ይነገር።

የወረዳዎቹ፣ የጤና ጣቢያዎቹና የላቦራቶሪዎቹ ስልክ ቁጥር በወረቀት ታትሞ በተረኛ ክፍልና በኃላፊው ቢሮ ይሰቀል። ዝውውር ብዙ ስለሆነ በየሦስት ወሩ እየተደወለ ይታረም፤ የታረመበት ቀን ከታች ይጻፍበት፣ አሮጌው ቅጂም ከግድግዳው ይነሣ።